ያጨን ማነው? ፊልሞቻችን፣ ኦስካርና እኛ

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በገባ በወሩ ገደማ፣ የኦስካር ዕጩዎች ስም ዝርዝር ይፋ በሆነ ማግስት፣ እዚህ ሆላንድ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ጥያቄ ይዞራል። «ዘንድሮስ የኛ ሰው አለበት?» እንባባላለን። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የዘንድሮ ቀርቶ ያለፉትን ዓመታት የአገር ቤት ፊልሞች አላየም። መላሹም አላየም። ቢሆንም ሁለቱም ተስፋ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ያዝናሉ፣ ከሳምንት በኋላም ሁለቱም ይረሱታል።

እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ይህን ጽሑፍ ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳልጻፍኩት አንባቢ ይረዳልኝ። ሐሳቡ የመጣልኝ ዘ ሄግ በሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ስንጠጣ ነው። እንደተለመደው ስለ ዕጩዎቹ ስንከራከር፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጁ ከስልኳ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ዕጩ ማለት ያው ዕጮኛ ማለት ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሁላችንም ሳቅን። ወደ ሮተርዳም በሚመልሰኝ ባቡር ላይ ግን ሳቁ ለቀቀኝና ጥያቄው ቀረ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ሁለቱም ቃላት የመጡት «አጨ» ከሚለው ግሥ ነው። በኛ ቋንቋ ለሽልማት የቀረበ ሰው የታጨ ሰው ነው። ማጨት ደግሞ አጪ አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ ጥሎሽ አለው፤ ከሁሉም በላይ «ሙሽራዋ ተጠይቃለች ወይ?» የሚል ጥያቄ አለው። እንግዲህ ፊልሞቻችንን በዚሁ ዓይን እንያቸውና፣ ለመሆኑ ያጨን ማነው?

ሳይጠሩት አቤት

አስቀድመን የምንኮራባቸውን ሰዎች እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም «ዘ ዊኬንድ» በሚል ስም የሚያውቀው፣ ከሌሎች ጋር በጻፈው የፊልም ዘፈን ለኦስካር ታጭቶ ነበር። በዓመቱ በ2017 ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ «ላቪንግ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ባሳየችው ትወና በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጨች። ያን ጊዜ በየቤቱ የነበረው ደስታ ትዝ ይለኛል። ደስታው አይነቀፍም። ይሁንና «ላቪንግ» ስለ አሜሪካ ቨርጂኒያ የጋብቻ ሕግ የሚተርክ ፊልም ነው፤ ዘፈኑም ለሆሊውድ የፍቅር ፊልም የተሠራ ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች በሥራቸው ታጩ፤ እኛ ግን ደማቸውን ቆጠርን። አባቶቻችን ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ብለው ያስጠነቀቁንም እነሱው ናቸው።

የኛ ነው ሊባል የሚችለው መድረክ ቀድሞ «የውጭ ቋንቋ»፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ «ዓለም አቀፍ ፊልም» የሚባለው ዘርፍ ነው። አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ይልካል። ፊልሙን የሚመርጠው በዚያው አገር የተቋቋመ ኮሚቴ ነው። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ለተከታታይ ሰባት ቀናት ለሕዝብ የታየ፣ ከንግግሩም አብዛኛው ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተነገረ መሆን አለበት። በ2019 ናይጄሪያ የላከችው «ላየንኸርት» የወደቀው በዚህ በመጨረሻው መስፈርት ነው፤ የናይጄሪያ የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ አላዳነውም። በየዓመቱ ከሰማንያና ከዘጠና የማያንሱ አገሮች ይሰለፋሉ፤ ለመጨረሻው የሚታጩት አምስት ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አጪ አሜሪካዊ አይደለም። ሽማግሌ የምንልከው እኛው ነን።

የላክናቸው አራት

ኢትዮጵያ እስከ 2019 ድረስ አራት ፊልሞችን ልካለች። በ2010 ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውን «አትሌቱ»ን፣ በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት»ን፣ በ2015 የያሬድ ዘለቀን «ላምብ»ን፣ በ2019 ደግሞ ጀርመናዊው ያን ፊሊፕ ቫይል ያዘጋጀውን «ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ»ን። አንዱም ከአምስቱ አልገባም።

ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከአራቱ በሁለቱ ውስጥ ሯጭ አለ። በአንዱ የተጠለፈች የገጠር ልጅ፣ በአንዱ ደግሞ በጉን የሚወድ የገጠር ልጅ አሉ። ሯጭ፣ ተበዳይ፣ እረኛ። ፈረንጅ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቃቸው ሦስት ሥዕሎች ማለት ናቸው። ይህን ስል አዘጋጆቹን ለመክሰስ አይደለም። ካሜራ፣ ላቦራቶሪ፣ የድምፅ ባለሙያ፣ የማከፋፈያ ውል ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ የሚገኘው ከውጭ ድጋፍ ሰጪ ነው፤ ድጋፍ ሰጪ ደግሞ የሚገባውን ሥዕል ይመርጣል። ጥሎሹን የከፈለ የሙሽራዋን ልብስ ይመርጣል እንደማለት ነው። ይሁንና ከአራቱ ሁለቱ ከዚህ ሥዕል በላይ የሆነ ነገር ስላላቸው በእነሱ ላይ ቆም እንበል።

ድፍረት፦ ቃሉና ባለታሪኳ

«ድፍረት» የሚለውን ርእስ የሰጠው ሰው አማርኛን ያውቃል። ቃሉ በአንድ ፊቱ ጀግንነት ነው፣ በሌላ ፊቱ ሴትን ማዋረድ ነው። «ደፋር ናት» ስንልና «ተደፈረች» ስንል ግሡ አንድ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሂሩት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ በፈረሰኞች ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፣ ከዚያም ጠመንጃ ይዛ ታመልጥና የደፈራትን ተኩሳ ትገድላለች። ርእሱ ወንጀሉንም መልሱንም በአንድ ቃል ያዘ። የግርጌ ጽሑፍ አንባቢው የውጭ ተመልካች ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ይህን ፊልም ሙሉ በሙሉ የማየት ዕድል ያለን እኛ ብቻ ነን።

ፊልሙ በ2014 ሰንዳንስ ላይም በርሊን ላይም የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊ ስሟን አዋሰችው። ሙያዊ ጥንካሬው አያከራክርም። የገጠሩ ሸንጎ በዛፍ ሥር ሲመክር ሽማግሌዎቹ እንደ አውሬ አልተሳሉም፤ የራሳቸው አመክንዮ፣ የራሳቸው ሐዘን አላቸው። ሜሮን ጌትነት የምትጫወታት ጠበቃ ግትርነትም የሚታመን ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ፊልሙ የልጅቷ መሆኑ ቀርቶ የጠበቃዋ ይሆናል። ልጅቷ ትጠበቃለች፣ ትደበቃለች፣ ትወሰዳለች፣ ትመለሳለች፤ ቀስቃሹ የከተማ ሰው፣ ተቀባዩ የገጠር ሰው ይሆናል። ጠመንጃ ያነሣች ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሌሎች ጉዳይ ሆና ትቀራለች።

ይህ የድርሰት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። ነገር ግን በ2014 መስከረም ወር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤቱታውን ያቀረበችው ታሪኩ የራሷ የሆነችው ሴት ነበረች። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ያን ሁሉ በሥጋዋ ያሳለፈችው እሷ ናት። ያለ ፈቃዴ ታሪኬን ወሰዱ አለች። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ፤ በዚያው ዓመትም አገሪቱን ወክሎ ወደ ኦስካር ተላከ።

አዘጋጆቹ የሚሉት ነበራቸው፤ ፊልሙ ስሟን ቀይሯል፣ የተነሣውም የጠበቃዋን ሥራ ይዞ ነው፣ ጠለፋ በአገሪቱ እንደገና መነጋገሪያ እንዲሆን አድርጓል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት ያድነው እንደነበርና ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ2004 በወጣው አዲስ ሕግ መሆኑን ለሚያውቅ፣ የጉዳዩ ክብደት ግልጽ ነው። ነገር ግን ሳትጠየቅ ስለተወሰደች ልጅ ፊልም ስንሠራ፣ ያችው ልጅ አድጋ «አሁንም አልተጠየቅሁም» ካለች፣ ነገሩን በሕግ አግባብ ብቻ ዘግተን ማለፍ እንችላለን? እንደ እኔ እምነት አንችልም። ፊልሙ ካስተማረን ነገር ትልቁ ይህ ነው፤ ያስተማረን ግን ከስክሪኑ ውጭ ነው። በጊዜው ግን በውጭ ያለን ሰዎች «የኢትዮጵያን ስም ያስጠራ ፊልም ተደናቀፈ» ብለን ነበር ያዘንነው። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ዛሬ አፍርበታለሁ።

ላምብ፦ የልጁ እጆች

በ2015 «ላምብ» በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋርድ» በተባለው ክፍል ሲታይ፣ ከኢትዮጵያ ለዚያ ይፋ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። ኤፍሬም እናቱን በረሀብ ያጣ ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከዘመድ ዘንድ ያስቀምጠዋል፤ ልጁ ቹኒ የምትባል በግ አብራው አለች፤ አጎቱ ለሚመጣው በዓል እናርዳታለን ይላል።

ታሪኩን እንዲህ ባጭሩ ሲነግሩት ለፈረንጅ የተዘጋጀ ተረት ይመስላል። ፊልሙን ላየው ግን ሌላ ነው። ዋናው ነገር በጓም ተራራውም አይደሉም፤ የልጁ እጆች ናቸው። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይችላል፣ ይወዳልም። አጎቱ ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል ብሎ ይቆጣል። ልጁ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ያወጣል። ጋዜጣ የምታነበው የአጎቱ ልጅ ጽዮን ደግሞ ትዳር አልፈልግም ትላለች። ከቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር የኛው የቤት ክርክር ነው፤ ስንቶቻችን ነን እዚህ አምስተርዳም ብቻችንን ሆነን ሽንኩርት ማቁላላት የተማርነው? የያሬድ ዘለቀ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። እሱ ራሱ ልጅ ሆኖ ከአገር የወጣ ሰው ነው፤ ናፍቆቱን በባንዲራ ሳይሆን በሽታና በእጅ ሥራ ገልጦታል። አንዳንድ ቦታ መልክዓ ምድሩ ከመጠን በላይ ያምራል፤ ካሜራው ከልጁ ይልቅ ለጎብኚ የሚቀርጽ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ከአራቱ አንድ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ያልላክነው

ከአራቱ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ግን የሚበልጠው ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ አሸነፈ። ለኦስካር ግን ኢትዮጵያ አላከችውም። በጀርመን አገር የተማረው አንበርብር በጊዜው የነበረውን የተማሪ ክርክር፣ የአብዮቱን ተስፋ፣ የጓዶችን መበላላት፣ የስደትን ውርደት ሁሉ ተሸክሞ ወደ እናቱ መንደር አንድ እግሩን አጥቶ ይመለሳል። ይህ ፊልም ሯጭም እረኛም አይደለም፤ እኛ ነን። ምናልባት አጪ ያጣውም ለዚህ ይሆናል፤ ማንም የራሱን ቁስል ለሠርግ አይልክም።

የሚገርመው የሽልማቱ ባለቤት የሆነው አካዳሚ በ2021 ሙዚየሙን ሎስ አንጀለስ ሲከፍት ለኃይሌ ገሪማ የክብር ሽልማት ሰጠው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ»፣ ስለ ሐረርና ስለ ጫት በጥቁርና ነጭ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም፣ ለመጨረሻው ምርጫ ከቀሩት 15 ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ሆነ። ከአምስቱ ባይገባም፣ ማንም አገር ወክሎ ሳይልከው በራሱ እግር የሄደ ነው።

ጎረቤቶቻችን ምን አደረጉ?

አሁን ደግሞ የምንኖርበትን አገር እንይ። የደች ተናጋሪ ቁጥሩ ከአማርኛ ተናጋሪ አይበልጥም። ሆኖም ሆላንድ በዚሁ የውጭ ቋንቋ ዘርፍ ሦስት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1987፣ በ1996 እና በ1998። በ1987 ያሸነፈው የፎንስ ራደማከርስ «ደ አንስላኽ» ከሃሪ ሙሊሽ ልቦለድ የተወሰደ ነው። በናዚ ወረራ ዘመን፣ ሃርለም ከተማ፣ ለወራሪው ያደረ አንድ ፖሊስ ይገደላል። ጎረቤቶች ሬሳውን ከራሳቸው ደጃፍ አንሥተው ወደ ሌላ ቤት ደጃፍ ይጎትቱታል። ጀርመኖች ያንን ቤት ያቃጥላሉ፣ ቤተሰቡን ይገድላሉ፤ አንድ ልጅ ብቻ ይተርፋል። ልጁ አድጎ ለብዙ ዓመታት ማን፣ ለምን እንዳደረገው በጥቂት በጥቂቱ ይሰማል። በ1998 ያሸነፈው «ካራክተር» ደግሞ የሮተርዳም ታሪክ ነው፤ አባት ልጁን በዕዳ የሚከስስበት። የድሮዋ ሮተርዳም በግንቦት 1940 በቦምብ ስለወደመች፣ የፊልሙ ሠሪዎች የጠፋችውን ከተማ በሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች ላይ መልሰው መሥራት ነበረባቸው።

እንግዲህ ሁለቱም ለውጭ ሰው የተዘጋጁ የቱሊፕና የንፋስ ወፍጮ ሥዕሎች አይደሉም። ደቾች እርስ በርሳቸው የሚያፍሩበትን፣ ማታ ማታ የሚከራከሩበትን ነገር ነው የሠሩት። ሬሳውን ወደ ማን ደጃፍ ጎተትነው ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ዓለም ሰማ፤ የሰማው ግን ለእሱ ስላልተነገረ ይመስለኛል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህ ነው።

ከእነዚህ ፊልሞች ጀርባ አንድ ስደተኛም አለ። አምስተርዳም የሚገኘውን ውቡን የቱሺንስኪ ሲኒማ ቤት ያሠራው አብራሃም ቱሺንስኪ በ1904 ወደ አሜሪካ ሊሻገር ሮተርዳም የደረሰ ፖላንዳዊ አይሁድ ነበር። መንገዱን አቋርጦ እዚያው ቀረ፤ ስደተኞች የሚያርፉበት ቤት ከፈተ፣ ቀጥሎም ሲኒማ ቤቶች። የሮተርዳም ሲኒማ ቤቶቹን የ1940 ቦምብ በላቸው፤ እሱንም ናዚዎች በ1942 አውሽዊትዝ ላይ ገደሉት። በ1921 የተከፈተው የአምስተርዳሙ ቤት ግን ዛሬም ፊልም ያሳያል። ለመሻገር መጥቶ የቀረ ሰው ለደረሰበት አገር ስክሪን ሠራ። እኛ ሬስቶራንት ሠርተናል፣ ቤተ ክርስቲያን ሠርተናል፣ ማኅበር ሠርተን አፍርሰናል። ስክሪን ግን?

የዘ ሄጉ ችሎት

ወደ ዘ ሄግ ልመለስና ላብቃ። በታኅሣሥ 15 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የዘ ሄግ ፍርድ ቤት በደርግ ዘመን ጎጃም ተመድቦ የነበረን፣ በኋላም የሆላንድ ዜግነት ያገኘን አንድ ባለሥልጣን በጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ከክሱ አንዱ በ1978 ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መገደላቸው ነው። ተከሳሹ አላደረግሁም ብሎ ተከራከረ፤ በ2022 ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናው። ምስክሮችና ተጎጂዎች ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከኢትዮጵያ መጥተው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በደች ዳኞች ፊት ተናገሩ። ቃላቸው ከአማርኛ ወደ ደች ተተረጎመ። ይህ ሁሉ የሆነው ከወዳጄ ቤት በትራም ጥቂት ፌርማታ ርቀት ላይ ነው።

ገዳይና ተገዳይ ወገን በአንድ የስደት አገር፣ ምናልባትም በአንድ ሱቅ በርበሬ እየገዙ፣ ስንት ዓመት ኖሩ? ማን ያውቅ ነበር? ማንስ አውቆ ዝም አለ? ሬሳው ወደ ማን ደጃፍ ተጎተተ? ይህ የኛ «ደ አንስላኽ» ነው። ለዚህ ታሪክ ፈረንጅ ሊያጨን አይመጣም፤ እኛ ራሳችን ካልጠየቅነው ማንም አይጠይቀውም። ስንጠይቅም ከ«ድፍረት» የተማርነውን ይዘን ይሁን፤ መጀመሪያ ባለታሪኮቹን ማስፈቀድ ነው።

«ገንዘብ የት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሮተርዳም ውስጥ ከሆላንድ ውጭ ያሉ ፊልም ሠሪዎችን የሚረዳው የኹበርት ባልስ ፈንድ፣ አምስተርዳም ውስጥ ለዘጋቢ ፊልሞች የሚሰጠው የኢድፋ ፈንድ፣ ሁለቱም ከደጃችን ናቸው። ለዛሬ ግን ከዚያ የሚቀል ሥራ አለ። ትኬት ቆርጦ ማየት፣ ካዩ በኋላ በአማርኛ መጻፍ፣ ልጆችን ይዞ መሄድ። አንድ ፊልም የሚታጨው በኦስካር ኮሚቴ ከመሆኑ በፊት በራሱ ተመልካች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየዓመቱ የሚሰጠው የፊልም ሽልማት «ጉማ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1966 ዓ.ም. በሚሼል ፓፓታኪስ ከተሠራው ፊልም ነው። ጉማ ማለት ደግሞ የደም ካሣ፣ የዕርቅ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሽልማት እያለን፣ የዕርቅ ፊልማችንን ሳንሠራ የሎስ አንጀለስን በር ብቻ ማየታችን ለምን ይሆን?

ለወዳጄ ልጅ የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠኋትም ነበር። አሁን ልስጣት። አዎ የኔ ልጅ፣ ዕጩ ማለት ያው እንደ ዕጮኛ ነው። ሲያጩሽ መጀመሪያ አንቺ ተጠየቂ፤ ስታጪም መጀመሪያ ጠይቂ።

ቸር ይግጠመን።